የዛፍ መውጣት ክበብ፦ እግራችንን ያገኘንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችሁ ምን ሠራ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። በእግራችን መውጣት ተማርን። ለዚህ አንድ ዓመት ያስፈልጋል ወይ? ያስፈልጋል።

ልጆች ገመድ ሲያዩ የሚያደርጉት አንድ ነው፤ በሁለት እጅ ጨምድዶ መጎተት። በተለይ ጡንቻ አለኝ ባዮቹ። ሦስት ሜትር ላይ ክንዳቸው ይዝላል። ከዚያ ሀርነሳቸው (ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረው ቀበቶ) ላይ ተንጠልጥለው ቁልቁል እያዩን ይቀራሉ።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ገመዱን ጭን በሚያክል ቅርንጫፍ ላይ አዙረን ነበር የምንወጣው። አንዱ ጫፍ ሀርነስ ላይ ይታሰራል፤ የሚመለሰውን ደግሞ ቋጠሮ ይይዘዋል። ቋጠሮው እ.ኤ.አ. በ1931 ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ ካስተዋወቀው ጋር ዘመድ ነው። ጫና ሲያርፍበት ይነክሳል፤ ጫናው ሲነሳ ይንሸራተታል። በዚህ አወጣጥ ጉልበት ይቀላል። ግን 2 ሜትር ገመድ ስበህ ከፍ የምትለው 1 ሜትር ብቻ ነው። ክንድ ቢዝል አይገርምም።

ከዚያ ትንሿ ብረት መጣች። ስሟ የእግር አሴንደር ነው። ልጆቹ ግን “ነካሿ” አሏት፤ እኔም ለመድኩት። በጫማው የውስጥ ጎን፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ትታሰራለች። ውስጧ ጥርስ ያለው ምላስ አለ። እግር ሲነሳ ገመዱ በውስጧ ያልፋል። ሲረገጥ ግን ጥርሱ ገመዱን ይይዘዋል፤ አየር ላይ ደረጃ አገኘህ ማለት ነው። የዚህ ቤተሰብ ታዋቂ ታላቅ ጁማር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ጁሲ እና ማርቲ የተባሉ ስዊዘርላንዳውያን ያወጡት የእጅ መያዣ። ስሙ ራሱ የሁለቱ ስም ቅጥያ ነው።

ብረቷን ማሰር ብቻውን አያወጣም። ጉዳዩ ሁሉ አረጋገጡ ላይ ነው። ጀማሪ ወደ ፊት ይረግጣል። ያኔ ሰውነቱ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ክብደቱም መልሶ ክንዱ ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ጉልበት ወደ ደረት ይነሳል፤ ተረከዝ ከመቀመጫ ሥር ይገባል፤ ከዚያ ከወንበር እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ማለት። ሌላኛው እግር ነካሿ ባለችበት እግር ላይ ይደረባል። ሁለት እግር እያለ ለምን በአንዱ? የእጅ ሥራ ሰውነትን ወደ ገመዱ ማስጠጋትና ቋጠሮውን ወደ ላይ መግፋት ብቻ ነው።

ይህን መጀመሪያ ያገኘችው ጡንቸኞቹ አይደሉም፤ አንዲት ዝምተኛ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። እነሱ መሬት ቁጭ ብለው ክንዳቸውን ሲያሹ እሷ ባላው ጋ ደረሰች። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለካ ይቺን አስረውለት ነው” አለች። ክበቡ በሳቅ ሞተ።

መጀመሪያ አካባቢ ያበሳጨን የታችኛው ገመድ ነው። የቀረው ገመድ ሲቀል እግር በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል፤ ነካሿ ባለችበት ትቀራለች። መላው ቀላል ነው። ጓደኛ ከታች ወጠር አድርጎ ይይዛል፤ ወይም የገመዱ ከረጢት ጫፉ ላይ ይንጠለጠላል። ጥቂት ሜትር ካለፉ በኋላ የገመዱ የራሱ ክብደት ይበቃል።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። አንድ ቀን ላይ ሆኜ እያስረዳሁ፣ ነካሿን ሳላወጣ መውረድ ጀመርኩ። ነካሿ ደግሞ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አትሄድም። እኔ ወረድኩ፣ እግሬ ቀረ። ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ነው የገባኝ። ከታች አሥራ ምናምን ልጅ አንጋጦ እያየኝ ነው። መፍትሔው መልሶ በዚያው እግር ቆሞ ጫናውን ማንሳት፣ ከዚያ ተረከዝን ወደ ኋላ ፈንጠር ማድረግ ነው። ገመዱ ወልቆ ይወጣል። እንዲህ በቀላሉ የምትወልቅ ስለሆነች ነካሿ ማንንም ከመውደቅ አታድንም። ሰውን የሚይዘው ቋጠሮውና ሀርነሱ ነው፤ እሷ መርገጫ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሊወርድ ሲል ከታች “እግር?” ይባላል። “ወጥቷል!” ካላለ አይወርድም።

በሁለተኛው ሴሚስተር በቆመ ነጠላ ገመድ፣ ማለትም ታስሮ በማይንቀሳቀስ ገመድ፣ መውጣት ጀመርን። እዚህ የረገጥከው ሙሉ ያንተ ነው። ሀርነሱ ላይ ዋናው ያዥ አለ፤ በሁለተኛው እግር ጉልበት አጠገብ ደግሞ ሌላ ያዥ ይጨመራል፤ ላስቲክ ከትከሻ በኩል ወደ ላይ ይስበዋል። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ቁርጥ ደረጃ መውጣት። ነፋስ ባለበት ቀን አልወጣንም፤ ፈተና ሰሞንም ክበቡ ተበትኖ ነበር። አንድ ቅሬታ አለን፦ ያሉን ነካሾች ሁሉ የቀኝ እግር ናቸው። የግራም ይሠራል፤ ሁለት ግራኞቻችን እየጠበቁ ነው።

በመጨረሻው ቀን ከሁሉም በኋላ የወጣሁት እኔ ነኝ። ባላው ላይ ትንሽ አረፍኩ። ልወርድ ስል ያቺ ዝምተኛ ልጅ ከታች ጮኸች።

“ቲቸር! እግር?”

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አልወጣም ነበር።