«እንዴት ሠራሽው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን ሁሉ

በዚህ ግቢ አብረን ለምንኖር ጎረቤቶቻችን፣ ለዕድራችን፣ ከየሰፈሩ መጥታችሁ ሦስቱን ቀን ከእኛ ጋር ለዋላችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ይህን መልእክት የምጽፈው በእናቴና በመላው ቤተሰባችን ስም ነው። ከጳጉሜን 1 እስከ 3 በግቢያችን ኮሙናልና በደጁ በተተከለው ድንኳን ያዘጋጀነው የጎረቤት የእጅ ሥራ ዐውደ ርእይ በሰላም ተጠናቋል። ጥቂቶቻችሁን በስልክ አመስግኛለሁ። ብዙዎቻችሁን ግን በዚያ ግርግር መሃል እጃችሁን እንኳ ሳልጨብጥ ነው የሄዳችሁት፤ እስካሁን ቆጭቶኛል።

ነገሩ ከየት እንደተነሣ የማታውቁ ስላላችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ባለፈው ኅዳር እናቴን ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ ዛለ። እናቴ ወስፌ ሳትይዝ የተቀመጠችበትን ቀን አላስታውስም። ጎጃም ተወልዳ ያደገች ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ ከእኩዮቿ ጋር ስንደዶ ነቅላ፣ አክርማ ሰብስባ ስፌት የለመደች። አዲስ አበባ ከገባች በኋላም አልተወችውም። ስንደዶው እንደ አጥንት መሃል ይገባል። አክርማው ውሃ ነክቶት ከለሰለሰ በኋላ ይጠመጠምበትና ወስፌው በበሳው ቀዳዳ ያልፋል። ጥለቱን የሚያወጣው ቀለም የተነከረው አለላ ነው። ያ ጥለት የትም ወረቀት ላይ አልተሣለም። በየዙሩ እየቆጠረች፣ ቀይዋ የት እንደምትታጠፍ፣ አረንጓዴዋ የት እንደምትገባ በልቧ ይዛ ነው የምትሰፋው። አንዲት ከሳተች የሁለት ቀን ሥራዋን ትፈታዋለች። ይህን ሁሉ ግን አንድ ቀን እንኳ «ሥራ» ብላ ጠርታው አታውቅም። «እጄን ላፍታታ ብዬ ነው» ነው የምትለው።

ሕመሙ የመጣው የአንድ መሶብ ገበታው አልቆ ክዳኑ እጇ ላይ እያለ ነው። ወስፌዋን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው። ለእጇ ማለማመጃ ኳስ ተሰጣት፤ በቀን ሦስቴ ጨምቂ ተባለች። ጥቂት ትጨምቅና ታስቀምጠዋለች። ምክሩ ትክክል ነበር፤ እኛም ጧት ማታ እንጎተጉታት ነበር። ግን ያ እጅ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ሲሠራ ኖሮ ኳስ ለመጨበጥ ብቻ እንዴት ይነሣ?

የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን፣ ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው አንቺን ነው። ሚያዝያ ላይ ልትጠይቂያት መጥተሽ ያን ያላለቀ ክዳን ቁም ሳጥኑ ላይ አየሽው። «አይዞዎት» ብለሽ አላለፍሽም። «ሲያምር» ብለሽም መልሰሽ አላስቀመጥሽውም። ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ፣ በጣትሽ ጥለቱን እየተከተልሽ፣ «እማማ፣ ይቺ ቀይ እዚህ ጋ ከመታጠፏ በፊት ስንት ነው የሚቆጥሩት?» አልሻት። እናቴ ልታሳይሽ ግራ እጇን ዘረጋች። በአንድ እጅ አልሆን ሲላት ቀኟ ከጭኗ ላይ ተነሣና ክዳኑን ከጎን ያዘ። በደንብ አልያዘም፤ ተነሣ ግን። እኔ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በማግሥቱ ከሽሮ ሜዳ አንድ እስር አክርማ ገዝተሽ መጣሽ፤ «አስተምሩኝ» አልሽ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ሞላ። መጀመሪያ ሁለት ነበራችሁ፣ ሰኔ ላይ ዘጠኝ ደረሳችሁ። ከምድር ቤት ሁለት ትንንሽ ልጆችም መጡ። ዐውደ ርእዩ የተወለደው በአንዱ ቅዳሜ ቡና ላይ ነው፤ ከናንተ አንዷ፣ «ይሄ በዚህ ቤት ካለ በሌላው ቤት ምን ይኖር ይሆን?» ስትል። በየበሩ እየሄዳችሁ አንኳኳችሁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ላይ «እኛ ጋ ምንም የለም» ነበር የሚለው። ቆይቶ ከአልጋ ሥር፣ ከሰገነት፣ ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ወጣ።

የወጣውን ሁሉ ብዘረዝር አልጨርስም። ከተጣለ የሕንፃ መወጣጫ እንጨት የተሠራ፣ አንድ ሚስማር ያልነካው ወንበር ነበር፤ ባለሙያው ሁለት ሰዓት ሙሉ አገጣጠሙን ሲያሳይ ዋለ። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦና ከዶቃ የተሠራ የጀበና ማቶት ነበር። ከምን አለሽ ተራ በተለቀሙ ቁርጥራጮች የተበየደ ምድጃ ነበር። ቆርኪ ጎማ ያላቸው የሽቦ መኪናዎች፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ የካልሲ ኳሶች፣ ልጆቹ ለእንቁጣጣሽ በየቤቱ ይዘው ሊዞሩ የሣሏቸው አበቦችና መላእክት ነበሩ። ሠዓሊው ወንድማችን፣ እውቁ ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረህ፣ እነዚያን የደብተር ወረቀቶች በጥንቃቄ ካርቶን ላይ ለጥፈህ፣ ለልጆቹ በሚመች ከፍታ አንድ በአንድ ስለሰቀልካቸው እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ይሄ ይታያል፣ ይሄ አይታይም ብለህ አልለየህም።

ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ የቀሩት የግቢያችን የሌሊት ጥበቃ አባታችን ናቸው። ስንጠይቃቸው «የማሳየው ዕቃ የለኝም» አሉን። ለካ ልጅ ሳሉ ጎጃም ውስጥ ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። በሁለተኛው ቀን ማታ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተው የቅኔ ቤቱን ነገር አጫወቱን። ተማሪው ለብቻው ዛፍ ሥር ሄዶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ሰምተው ያርሙታል። ጉባኤ ቃና በሚባለው ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔ ይጀምርና ከፍ ከፍ ይላል። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም፤ የሰውን ደግሞ ማምጣት ነውር ነው። በየቀኑ አዲስ ይወልዳል ማለት ነው፣ በየቀኑም የሚሰማው ሰው አለ። «አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ መቁጠሩን አልተውኩም፤ ሌሊት ሌሊት በሩ ላይ እቆጥራለሁ። መንገሩን ነው የተውኩት» አሉን። ያን ጊዜ አንድ ዲያቆን ወንበሩን ስቦ ፊታቸው ተቀመጠና «አባ፣ የትናንት ሌሊቱን ይንገሩኝ» አላቸው። ነገሩት። «ሰሙ ይሄ ከሆነ ወርቁ የት ጋ ነው?» አለ። እሳቸው ሲመልሱለት ፊታቸው ላይ ያየሁትን ብርሃን በቃላት ልገልጸው አልችልም። ያ ልጅ አሁን ማታ ማታ በሩ ላይ እንደሚቀመጥ ሰምቻለሁ። አንተንም አመሰግንሃለሁ።

አንድ አባት ለብቻዬ ጠርተው የነገሩኝንም ልጻፈው፤ ፈቅደውልኛል። ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል እያለ የሒሳብ ደብተሩ ላይ በግ ሥሎ ተገኘና ገጹ ክፍል ፊት ተቀደደበት። ከዚያ በኋላ እርሳስ ለሥዕል አንሥቶ አያውቅም። እኔም እናት ነኝ፤ «ደብተር አታበላሽ» ስንቴ እንዳልኩ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ልጆቹ ሥዕል ፊት ቆማችሁ «ይሄ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» እያላችሁ የጠየቃችሁ አዋቂዎችን በተለየ የማመሰግነው። «ጎበዝ» የሚለው ቃል ደግ ነው፣ ግን ወሬው እዚያው ያልቃል። የጠየቃችኋቸው ልጆች ማታ ቤታቸው ገብተው እንደገና ሣሉ፤ በሦስተኛው ቀን አዲስ ይዘው የመጡት እነሱ ናቸው።

ሦስተኛው ቀን ሩፋኤል ነበርና ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ወረደ። ልጆቹ ሊጠመቁ ልብሳቸውን እየጣሉ ወደ ደጅ ሲሮጡ ድንኳኑ በአንድ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ማን ምን እንደያዘ አላውቅም፤ ነጠላዋን አውልቃ ሥዕሎቹን የሸፈነች፣ ወንበሩን በራሱ ተሸክሞ ደረጃ የወጣ፣ የማያውቀውን ሰው ሙዳይ በኮቱ ደብቆ የሮጠ አይቻለሁ። አንዲት ዕቃ አልጠፋችም፤ አንድ ሥዕል ብቻ ትንሽ ረጥቧል።

ዕድራችን ድንኳኑንና ወንበሩን ያለ ኪራይ ሰጥቶናል። የኮሙናሉን ቁልፍ የያዛችሁ፣ መብራት የዘረጋችሁ፣ ሦስቱን ቀን ቡና ያፈላችሁ፣ ቆሎ የቆላችሁ፣ ማታ ማታ የጠረጋችሁ፣ ብድራችሁን ይክፈልልን። ከሐዋሳና ከደሴ ድረስ ለዚህ ብላችሁ የመጣችሁ ዘመዶቻችንም እንዲሁ።

የእናቴን ክዳን ያያችሁ ዙሮቹ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ከታች ያለው ጥብቅ ነው፤ ከሕመሙ በኋላ ያለው ላላ ብሏል። በመሃል ደግሞ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን የሰፋቻቸው ሦስት ዙሮች አሉ። እናቴን ልፍታልሽ ስላት፣ «ይሄ የልጄ እጅ ነው፣ አይፈታም» አለችኝ። ለእንቁጣጣሽ እንጀራ የወጣው በዚያ መሶብ ነው።

የቀሩ ዕቃዎች ቤታችን አሉ፤ አንድ ማቶት፣ አንድ ሰፌድና በሩ የሚከፈት አንዲት የሽቦ መኪና። የመኪናዋ ባለቤት የሆንከው ልጅ፣ ከትምህርት ስትመለስ ብቅ በል። እማዬ ጉልበቷ ላይ አድርጋት በሩን ስትከፍትና ስትዘጋ ሁለት ቀኗ ነው፤ ማጠፊያውን እንዴት እንደሠራኸው ልትጠይቅህ ትፈልጋለች።