ለአባታችን እግር ለደረሳችሁ ሁሉ

የሽሮ ሜዳ ጎረቤቶቻችን፣ የእድራችን አባላት፣ በሩቅ ሆናችሁ በስልክ ስትጨነቁ የሰነበታችሁ ዘመዶቻችን፦ አባታችን ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል። በሁለት እግራቸው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በሸማ ሥራቸው ነው። በልጅነታቸው ከጋሞ ደጋ መጥተው፣ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መርገጫ ሲረግጡ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። አምና ዳገቷን ሲወጡ በየሱቁ ደጃፍ መቆም ጀመሩ። ነጠላ ያነሣሉ፣ ጥለቱን በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ባለሱቆቹ ሙያው የናፈቃቸው መስሏቸው ነበር። ለካ ባታቸውን ጨምድዶ እየያዛቸው ነው፤ ጥቂት ሲቆሙ ይለቃቸዋል፣ ሲራመዱ ይመለሳል። ስንጠይቃቸው መልሳቸው «እርጅና ነው» ብቻ። የወሰድናቸው አንድ ክሊኒክም «በ74 ዓመታቸው ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን። እየቆየ ሌሊቱን እግራቸውን ከአልጋው ወደ ታች አንጠልጥለው ማደር ያዙ፤ የአውራ ጣታቸው ቁስልም አልድን አለ።

እንግዲህ ከማንም በፊት የምናመሰግነው የጤና ጣቢያዋን ነርስ ነው። ፋሻ ልትቀይር የተቀመጠች ልጅ ሁለት ጣቷን በእግራቸው ጀርባ ላይ አሳርፋ ዝም አለች። ከቁርጭምጭሚቱ በስተውስጥ ሞከረች። ቀኙን ነካች፣ እንደገና ወደ ግራው ተመለሰች። «አባባ፣ የዚህኛው እግር ትርታ አይሰማኝም» አለች፤ እዚያው ሪፈር ጻፈች። ለብ ያለ ጨው ውሃ እያመጡ ሲዘፈዝፉላቸው ለነበሩት እማማም ሙቅ ውሃ እንዳይነካቸው በትሕትና ነግራልናለች፤ ደም ያጣ፣ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይታወቀውምና። እማማ፣ ቅር እንዳይልዎ፤ ውለታዎ እኛ ጋ ነው።

ሆስፒታል የተቀበላቸው ሐኪም የክንዳቸውንና የቁርጭምጭሚታቸውን ግፊት ለካ። ክንዳቸው 150፣ የግራ ቁርጭምጭሚታቸው 60። በጤነኛ ሰው ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ እንዲያውም የእግሩ ትንሽ ከፍ ይላል። የእግሩ ለክንዱ ተካፍሎ ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ቅዳው መጥበቡን ያሳያል፤ የአባባ 0.4 ሆነ። ወረፋው በር ላይ እየተንጫጫ፣ ወንበር ስቦ አስረዳን። በዕድሜ የደም ቅዳ ግድግዳ ይደነድናል። ናይትሪክ ኦክሳይድ እያመነጨ ቧንቧውን የሚያላላው የውስጥ ሽፋኑም ይደክማል፤ ስለዚህ የባት ጡንቻ ደም ሲጠይቅ ቧንቧው እንደ ወጣትነቱ ቶሎ አይሰፋም። ይህ በሁላችንም የሚመጣ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው፣ ቁስል አልድን የሚያሰኘው ግን ስብና ካልሲየም ተጋግሮ መንገዱን ሲዘጋ ነው፤ በአባባ ላይ የወጣትነት ሲጋራቸውና ስኳራቸው ተባብረው ያደረጉት። «ዕድሜያቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጣታቸው አይጠቁርም ነበር» አለን። ዶክተር፣ ያቺን ሩብ ሰዓት አንረሳትም።

ለቀዶ ሕክምና ቡድኑ ቃል ያጥረናል። ከዚያው ከእግራቸው አንድ ደም መልስ አውጥተው፣ ከብሽሽት እስከ ጉልበት በታች አዲስ መንገድ ቀጠሉላቸው። ደም መልስ ውስጥ ደም ወደ ላይ ብቻ የሚያሳልፉ በሮች ስላሉ ገልብጠው ነው የሰፉት። አባባ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ «ከራሱ ከሸማው ክር መዝዘው ጠቀሙታ!» አሉ። በማግስቱ እግራቸው ሞቆ ስንነካው የተሰማንን ወላጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

ተጠርታችሁ ሳይሆን ሰምታችሁ መጥታችሁ ደም ለሰጣችሁ የሰፈራችን ወጣቶች፣ ለሞት ብቻ ነው የሚባለውን እድር ለሕያው ሰው ላንቀሳቀሳችሁት ዳኛችንና አባላት፣ ከሪያድ ደሞዝሽን እንዳለ ለላክሽው እህታችን፣ በሌሊት ታክሲውን አስነሥቶ ሒሳብ አልቀበልም ላለው ጎረቤታችን፦ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ። ክፉ አይንካችሁ።

ቀኝ እግራቸው ላይም መጠነኛ መጥበብ ስለተገኘ፣ ከደም ማቅጠኛውና ከኮሌስትሮል መድኃኒቱ ጋር የእግር ጉዞ ታዞላቸዋል፤ እስኪያማቸው መራመድ፣ ማረፍ፣ እንደገና መራመድ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እንደ ልጅ ተቆጥታ አስጀምራቸዋለች፤ እሷንም እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን በየሱቁ ደጃፍ ሲቆሙ ብታይዋቸው አትደንግጡ፣ ሰዓት እየያዙ ነው። ለመጠየቅ የምትመጡ ደግሞ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ቤት አታገኟቸውም፤ ከሰዓት በኋላ ኑ፣ ቡና አለ።

ልጆቻቸው