ትንፋሽሽን እንዳትይዢ (ደብዳቤ ለልጄ)

ልጄ እንደምን አለሽ፣ እኛ ደህና ነን። በስልክ ላወራሽ ነበር ግን እናትሽ ከጎኔ አልነሳ ብላኝ በቴሌግራም ጻፍኩልሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ አንብበሽ ስትጨርሺ አጥፊው፣ እሷ ስልኬን እንደምትነካካ ታውቂያለሽ።

የአክስትሽ ልጅ ሁሉንም ነገረችኝ። እንዳትቆጫት፣ ድምጿ ልክ አልመስል ሲለኝ አስጨንቄ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። ፉጃይራ ባሕር ውስጥ ዳይቪንግ ስትማሪ 16 ሜትር ወርደሽ ማስክሽ ውሃ ሲገባበት፣ ሲሊንደርሽ ውስጥ ገና 120 ባር፣ ከግማሽ በላይ አየር እያለ፣ ሬጉሌተሩን፣ ያንን አፍ ላይ የሚነከሰውን መተንፈሻ፣ ነክሰሽ እየጮህሽ ወደ ላይ ተፈተለክሽ አሉ። አስተማሪሽም "ያተረፋት ጩኸቷ ነው" አለ አሉ። እውነቱን ነው። ስትጮሂ አየሩ ይወጣል። አፍሽን ገጥመሽ ቢሆንስ ኖሮ? ይሄንን ለማን እጽፈው ነበር?

ትንፋሽሽን እንዳትይዢ። ብትደነግጪም፣ ሞቴ ነው ብትዪም እንዳትይዢ። ሒሳብ አንቺ ትበልጪኛለሽ ግን እዪው፣ እዛ ታች ያለው አየር የታመቀ ነው፣ 16 ሜትር ላይ 4 ሊትር አየር ደረትሽ ውስጥ ዘግተሽ ብትወጪ ላይ ስትደርሺ ከ10 ሊትር በላይ ልሁን ይላል፣ ሳንባሽ የት ያደርገዋል?

ስለደነገጥሽ አልወቅስሽም የኔ እመቤት። ፈሪ ለእናቱ ይሉ የለ። እንዲያውም የማይፈራ ሰው አብሮሽ እንዳይገባ።

መሳቢያዬ ውስጥ ያለችውን የማትሰራ ሴኮ ሰዓት ታውቂያታለሽ አይደል፣ ልጅ ሆነሽ "አባ ለምን አታሰራትም" ስትዪኝ "ዕቃዋ አይገኝም" የምልሽ። ዋሽቼሻለሁ። አሰርቻት አላውቅም።

በ1977 ምጽዋ ባሕር ኃይል እያለሁ ወደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለን ስናወራ ማሰሪያዋ ተበጥሶ ውሃ ውስጥ ገባች። አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ የወሎ ሐይቅ ከተማ ልጅ፣ ዋና የተማርኩት ሐይቅ ላይ ነው እያለ ስለሚጎርርብን "ሐይቁ" ነበር የምንለው። ከጠላቂዎቹ ሁለት ሲሊንደር ለምነን፣ "አምስት ደቂቃ ነው" ብዬ እኔ ነኝ ይዤው የገባሁት። ጥልቀቱ 8 ሜትር ቢሆን ነው። ደለሉ ሲነሳ እጄን እንኳ ማየት አቃተኝ፣ በዳበሳ ሰዓቷን አገኘኋትና ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ አንገቴን ያዘኝ። ማስኩ ወልቋል፣ ፊቱን ፊቴ ላይ ሲያመጣው ዓይኑ ፈጧል፣ አፌ ላይ ያለውን ሊነጥቀኝ መሰለኝ። ደረቱን በእግሬ ገፋሁት። አፉን ግጥም አድርጎ እንደ ቡሽ ተወነጨፈ።

ስወጣ አጋድመውታል። ከአፉ ሮዝ አረፋ ይወጣል። ሲሊንደሩ ከግማሽ በላይ ነበር። አየር ነበረው እኮ ልጄ!

ሰው ሁሉ "ባትገፋው ይዞህ ይሞት ነበር" አለኝ፣ ይሆናል። ግን ለእናትሽም ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ፣ በአንድ እጄ ሰዓቷን ጨብጬ ነበር። በእግሬ የገፋሁት ለዛ ነው። ብለቃት ኖሮ በሁለት እጄ ክንዱን ይዤ... እንጃ። ሐይቅ ድረስ ሄጄ እናቱን "ግዳጅ ላይ ነው የሞተው" አልኳቸው፣ አምነውኝ ቡና አፈሉልኝ። የካቲት 82 ምጽዋን ለቀን ስንወጣ ልብሴንም ፎቶዬንም ጥዬ ኪሴ ውስጥ የቀረችው እሷው ናት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ዳይቪንጉን ተዪው ልልሽ ነበር፣ እንደማትሰሚኝ ስለማውቅ ተውኩት። መጀመሪያ ነገ ሐኪም ጋ ሂጂና ደረትሽን ራጅ ተነሺ፣ ምንም አላመመኝም አትበዪኝ። መገጣጠሚያሽን ካመመሽ ወይ እጅሽ ከደነዘዘሽ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሄደሽ "ዳይቪንግ ላይ ነበርኩ" በያቸው። ከዛ በኋላ ማስክሽን ገንዳ ውስጥ፣ ቆመሽ በምትደርሺበት ውሃ፣ ሃያ ጊዜ ሠላሳ ጊዜ ውሃ ሙዪና አራግፊ፣ ቀና ብለሽ የላይኛውን ጠርዝ ተጭነሽ በአፍንጫ እፍ ማለት ነው፣ እጅሽ ሳታስቢው እስኪሠራው ድረስ። ስትደነግጪ ላይ ላዩን ነው የምትተነፍሺው፣ የተቃጠለው አየር ውስጥሽ ይቀራል፣ ያኔ ነው አየር ያለቀ የሚመስልሽ። ባለሽበት ቁሚና ረጅም አድርገሽ አስወጪ፣ መሳብ ራሱ ይመጣል። ትንፋሽሽን ብቻ እንዳትይዢ። ስትወጪ በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አትፍጠኚ፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቁሚ። አብሮሽ ያለው ከደነገጠ ደግሞ ከፊት አትጠጊው፣ ከኋላ ዞረሽ ሲሊንደሩን ያዢው። በእጅሽ ምንም ነገር አትያዢ፣ ካሜራም ቢሆን። ሰማሽ?

ጉንፋን ይዞሽ እንዳትገቢ። ለፋሲካ ስትመጪ፣ ከመጨረሻው ዳይቪንግሽ እስከ በረራሽ 18 ሰዓት ያህል ጠብቂ ይላሉ፣ አንቺ ሙሉ ቀን አድርጊው፣ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እንደ አዲስ አበባ ከፍታ የሳሳ ነው፣ ብትወርጂም እዚሁ ከፍታ ላይ ነሽ።

ከመጣሽ አንድ ሁለት ቀን ሐይቅ ደርሰን እንመለስ። እናቱ አርፈዋል፣ እህቱ ግን አለች፣ ቤቷን አጠያይቄ አግኝቼዋለሁ። ብቻዬን ሁለቴ ተነስቼ ሁለቴም ደሴ ላይ ተመልሻለሁ። ለእናትሽ እስጢፋኖስ ገዳምን ልናይ ነው እንላታለን።

የደም ግፊት መድኃኒቷን እንዳትረሺ፣ የባለፈውን ዓይነት፣ ነጩን ካርቶን። ስትደውዪ ማታ ይሁን፣ ቀን ኔትወርክ የለም።

አባትሽ