«የምናደርገውን አናውቅም» ማለትም ጸሎት ነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው በእምነት ዓምዳችሁ ላይ ስለ ጸሎት የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው። ጸሐፊው ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ አጥብቆ የጸለየ ክርስቲያንን ፍርሃት አይነካውም፣ ከነካው ግን እምነቱ ጎድሏል ማለት ነው ይላሉ። ሰው እንዲጸልይ ማበረታታታቸው ደግ ነገር ነው። ይሄኛው ሐሳብ ግን ሰው ይጎዳል። የፈራውን ሰው ከፍርሃቱ ሳያወጣው በላዩ ላይ በደለኝነት ይጭንበታል።

እስቲ መጽሐፍ ቅዱሱን እንየው። 2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 20 ላይ ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ብዙ ሠራዊት እየመጣበት መሆኑን ሲሰማ «ፈራ» ይላል። በቃ፣ ፈራ። ከዚያም ፊቱን ወደ እግዚአብሔር አዞረ፣ ጾም አወጀ፣ ሕዝቡን ሰብስቦ በሁሉም ፊት ቆሞ ጸለየ። የጸሎቱ መጨረሻ «የምናደርገውንም አናውቅም፥ ነገር ግን ዓይኖቻችን ወደ አንተ ናቸው» የሚል ነው። የሚያዳምጡት ሰዎች ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር፣ ሕፃናቱም ሳይቀሩ፣ እዚያው ቆመው ነበር። አስቡት፤ መሪ ነው፣ ሕፃን የታቀፉ ወላጆች ዓይን ዓይኑን እያዩት ነው፣ እሱ ደግሞ ጮክ ብሎ መላው እንደጠፋው ለአምላኩ ይናገራል። እግዚአብሔርም «እምነትህ ጎደለ» ብሎ አልገሠጸውም፤ መለሰለት እንጂ።

ጌታችን ራሱስ በጌቴሴማኒ? ማርቆስ ሊደነግጥና ሊተክዝ እንደጀመረ ጽፎልናል። ማቴዎስ ደግሞ ሦስት ጊዜ እየተመለሰ ያንኑ ቃል እንደጸለየ ይነግረናል። መጀመሪያ «ይህን ጽዋ ከእኔ ውሰድ» አለ፤ የአባቱ ፈቃድ እንዲሆን የለመነው ከዚያ ቀጥሎ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የፊተኛውን ዘልለን «ፈቃድህ ይሁን» እንላለን፤ የምንፈልገውን ሳንነግረው፣ ያስጨነቀንን ሳናወራለት። አንዳንዴ ይሄ መታዘዝ ሳይሆን ከእግዚአብሔር መደበቅ ይመስለኛል።

በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰው «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለው የፊልጵስዩስ ቃል እውነት ነው፣ እኔም ይዤው እኖራለሁ። ግን የጻፈው ሰው የት ሆኖ ነበር የጻፈው? ጳውሎስ እስር ቤት ነበር። በዚያው ደብዳቤ ይሙት ይኑር ያልለየለት መሆኑን ይናገራል፣ ጢሞቴዎስንም የራሱ ጉዳይ ወዴት እንደሚያመራ ሲያይ እንደሚልከው ይጽፋል። ፍርዱን አያውቅም ማለት ነው! የተናገረለት ሰላም ውጤቱን ቀድሞ በማወቅ የሚገኝ ሰላም አይደለም። ልመናችሁን አስታውቁ አለ እንጂ መልሱን ቀድማችሁ አውጁ አላለም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያየሁት ነገር ስላለ ነው። አንዲት እህት የናሙና ምርመራ ውጤት እየጠበቀች ሳለ ሊጸልዩላት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ከመቀመጣቸው «ክፉ በሽታ አይደለም፣ በኢየሱስ ስም!» ብለው አወጁ። እሷም «አሜን» አለች። ትንሽ ቆይታ «ግን ከሆነስ?» ስትል አንደኛዋ እጇን አፏ ላይ አደረገችባት፤ «እንዲህ አይባልም፣ በአፍሽ አትጥሪው» አለቻት። ከዚያ በኋላ ያቺ እህት ስትጠየቅ «ደህና ነኝ፣ አምኛለሁ» ብቻ ሆነ መልሷ። በዚያ ሰዓት የፈራችውን የምትናገርበት ሰው አጣች፤ የባሰው ደግሞ ለእግዚአብሔርም ቢሆን ፈራሁ ብሎ መናገር ኃጢአት መሰላት። የመጡት ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ በፍቅር ነው የመጡት። ትምህርቱ ነው የተበላሸው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ410 ጎቶች የሚባሉ ወራሪዎች ሮምን ሲዘርፉ ብዙ ሰው ባሕር ተሻግሮ ወደ ሰሜን አፍሪካ ሸሽቶ ነበር። ከነሱ አንዷ ፕሮባ የምትባል ባለጸጋ መበለት ናት። በዚያው በሰሜን አፍሪካ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ጸሎት ረጅም ደብዳቤ ጽፎላታል። ደብዳቤው ውስጥ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች «እንዴት እንድንጸልይ እንደሚገባን አናውቅምና» ያለውን አንስቶ፣ መከራ ሲመጣ ይወሰድልን ብለን መለመናችን የሰው ባሕርይ እንደሆነ፣ ካልተወሰደም እግዚአብሔር ትቶናል ማለት እንዳልሆነ ያስረዳታል። አገሯ የፈረሰባት ሴት ናት፤ ግን ነገ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ የሚል ትንቢት አልላከላትም።

ሰው «ታዲያ መጸለዩ ምን ይረባል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለስም አይደለም። የሐዋርያት ሥራ 12ን አንብቡት። ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው፤ በዚያው ምዕራፍ ጴጥሮስ በመልአክ ከእስር ወጣ። ለምን አንዱ ሞቶ ሌላው ዳነ? ሉቃስ አይነግረንም። ምእመናኑ ግን ያዕቆብን ካጡ በኋላም ለጴጥሮስ መጸለያቸውን አልተዉም። ጴጥሮስ መጥቶ በር ሲያንኳኳ እንኳ ሮዴ የምትባለዋን ልጅ «አብደሻል» ነው ያሏት። የለመኑትን ነገር ያላመኑ ሰዎች! ጸሎታቸው ግን ተሰማ። እምነታችን ሲያንስ የሚሰማን ጭንቀት ሁሉ ከዚህ ታሪክ ፊት ትንሽ ቀለል ይላል።

ስለዚህ አንባቢዎችን አንድ ነገር ልለምን። የተጨነቀ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ ለጸሎት ከመነሳታችሁ በፊት «ምን ብለን እንጸልይልህ?» በሉት። ፈርቻለሁ ካለ መፍራቱን ለእግዚአብሔር ንገሩለት። ምንም ማለት ካቃተው አብራችሁት ዝም በሉ፤ መንፈስ ቅዱስ በማይነገር መቃተት እንደሚማልድ ተጽፏል። ወይም ከመዝሙረ ዳዊት አንዱን አንብቡለት፤ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን ሳይቀር። ያንን መዝሙር የተጨነቀ ሰው እንዲጸልይበት ነው የተሰጠን።

እናንተን ደግሞ የምለምናችሁ ይህ ነው። ዓምዳችሁ ላይ ስለ ድልና ስለ ምስክርነት ብዙ አንብበናል፤ ደስም ብሎናል። አንድ ጊዜ ግን መዝሙር 87ን፣ በሌላው አቆጣጠር 88 የሆነውን፣ ሙሉውን አትሙልን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልቅሶ ነው፤ አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፣ ይሄኛው ግን አይዞርም። እባካችሁ ከሥሩ የሚያጽናና ማብራሪያ አትጨምሩበት፤ እንዳለ ይውጣ።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ