ለልጄ፦ ስለምትለቅሚያቸው ጥርሶች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽ በርበሬውን ሰው ሲገኝ እልክላታለሁ ብላለች።

ባለፈው ከቅሪተ አካል ቁፋሮው ስትደውዪ «ትልልቁን አጥንት ለሌሎች ሰጥተው እኔን የአይጥ ጥርስ ልቀሚ አሉኝ» አልሽኝ። ቅር እንዳለሽ ከድምፅሽ ገባኝ። ባዮሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ብሆን ጥርሱን ነበር የምመርጠው።

እስቲ ደቡብ አሜሪካን አስቢ። ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ዙሪያውን በባሕር የተከበበ ምድር ነበር። ታዲያ ካፒባራ፣ ቺንቺላና ጊኒ ፒግ የሚባሉት የዚያ አገር የአይጥ ወገኖች ቅድመ አያቶቻቸው በየት ገቡ? ፔሩ ውስጥ፣ ኮንታማና በሚባል የአማዞን አካባቢ፣ ተመራማሪዎች ደለሉን በወንፊት እያጠቡ ጥቃቅን የመንጋጋ ጥርሶች አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸውን 41 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አድርገውታል። በጥርሶቹ ላይ ያሉት ጉብታዎችና ሸንተረሮች የሚመሳሰሉት ከአፍሪካ ጥንታዊ የአይጥ ወገኖች ጋር ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ የተገኙት ግብፅ፣ ፋዩም ነው። አትላንቲክ ያኔ ከዛሬው ይጠብ ነበር። በጎርፍ ተገንጥሎ በተንሳፈፈ የዛፍና የሣር ክምር ላይ ሆነው ተሻገሩ የሚለውን ብዙ ሳይንቲስቶች ይቀበሉታል። እኔም የተሻለ ማብራሪያ አላየሁም።

ዝምድናው እኛም ጋ ይደርሳል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ከመሬት በታች የሚኖረው ፀጉር አልባው ፍልፈል ከቤት አይጥ ይልቅ ለጊኒ ፒግ ይቀርባል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አያምኑኝም ነበር።

የራስ ቅል ካጋጠመሽ ከዓይኑ ጉድጓድ ፊት ለፊት ያለውን ቀዳዳ እዪ። በእነዚህ የደቡብ አሜሪካ እንስሳት ላይ በጣም ሰፊ ነው፤ የማኘኪያው ጡንቻ ከፊሉ በዚያ ያልፋል። መንጋጋ ጥርሱ ደግሞ ምን ይበሉ እንደነበር ይነግርሻል። ቺሊ ውስጥ ቲንጊሪሪካ ከሚባለው የአንዲስ ሸለቆ የተገኙት፣ 32 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያላቸው የቺንቺላ ዘመዶች፣ ጥርሳቸው ረጅም ነው። አቧራና የእሳተ ገሞራ አመድ ያረፈበት ምግብ ጥርስ ይፈጫል። ቶሎ የማያልቅ ጥርስ ያለው ደግሞ ረጅም ዕድሜ ይበላል።

አሁን ወደምትመኚው ትልቅ አጥንት ልምጣ። ኡራጓይ ውስጥ 53 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የራስ ቅል ተገኝቷል፤ ጆሴፎአርቲጋሲያ ሞኔሲ የሚባል፣ ከምድር የጠፋ ግዙፍ የአይጥ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ሲሆን አንድ ቶን ገደማ ይመዝን ነበር ተባለ። በኋላ የመጡ ስሌቶች ግን ከግማሽ ቶን በታች አወረዱት። የቀረው አካል በእጅ ስለሌለ ክብደቱ በግምት ነው የሚሰላው። በ2015 ደግሞ በኮምፒውተር ሞዴል የፊት ጥርሱን ፈተሹት። ጥርሱ እንስሳው ሲነክስ ከሚያሳርፈው ኃይል ሦስት እጥፍ ገደማ ሊቋቋም ይችላል። ስለዚህ እንደ ዝሆን ጥርስ ለመቆፈሪያ ወይም ለመከላከያ ሳይጠቀምበት አልቀረም ብለዋል። አየሽ፣ ትልቁም ቅል ላይ ሄደው ሄደው ያተኮሩት ጥርሱ ላይ ነው።

አደራ፣ የተሰበረውን አትጣዪ። እያንዳንዱ ጥርስ ከየትኛው የአለት ንብርብር እንደመጣ ወዲያው ጻፊ፤ ያ ከጠፋ ዕድሜውን ማወቅ አይቻልም። ከተፈቀደልሽ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ካየሽው አንዱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ጉብታዎቹን እኔም ልቁጠራቸው።

የሚወድሽ አባትሽ