ደጃችን ላይ የነበረው ባትሪ

ሰብልዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ ወደ ጀርመን የሚመጣ ሰው እያፈላለገች ነው።

እሁድ ስንደዋወል ድምፅሽ ደክሞብኛል። ለወራት ቻርጅና ዲስቻርጅ ስታደርጊያቸው ከከረምሽው የሊቲየም ባትሪ ሴሎች ደህና ውጤት የሰጠችው አንዷ ብቻ ናት አልሽ። ደግመሽ የሠራሻቸው ሦስቱ 200 የቻርጅ ዙር እንኳ ሳይሞሉ ወደቁ። «ያቺን አንዷን ብቻ በጥናት ጽሑፌ ባወጣትስ?» ብለሽ ሳቅሽ። ሳቁ አላማረኝም።

የሊቲየሙን ነገር አላውቅም። እኔ የማውቀው እርሳስና አሲዱን ነው። በ1996 ዓ.ም. አንድ የላዳ ሹፌር ባትሪ አምጥቶልኝ ቻርጅ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ስለካው 12.8 ቮልት። ክዳኖቹን ከፍቼ የአሲዱን ጥንካሬ በሚለካው ሃይድሮሜትር ሳየው ግን አምስቱ ሴል 1.26 ሲሆኑ ስድስተኛው 1.12 ላይ ቀረ። ከቻርጀር ገና የወረደ ባትሪ ቮልቱ ይዋሻል፤ የሚታወቀው ሞተር ሲያስነሳ ነው። ሰውየው ይቸኩላል፣ እኔም የቤት ኪራይ ደርሶብኛል። ቮልቱን አሳየሁትና ሂሳቤን ተቀበልኩ።

በሦስተኛው ቀን በዝናብ መኪናውን እያስገፋ መጣ። አልተሳደበም። ባትሪውን አውርዶ ደጄ ላይ አስቀመጠና ሄደ። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ቦርሳሽን የምታሳርፊበት ጥቁር ባትሪ ትዝ ይልሻል? እሱ ነው። ለእናትሽም አልነገርኳትም።

አራቱንም ጻፊያቸው። ፕሮፌሰርሽ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር። እዚያ አገር ሕጉ በጊዜያዊ ኮንትራት ከዶክትሬት በፊት 6 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 6 ዓመት ብቻ እንደሚፈቅድ ነግረሽኛል፤ ቀኑ እንደሚያስፈራሽ ይገባኛል። ያ የምትወጂው የሊቲየም ባትሪ ሊቅ ጉድኢናፍ እንኳ ከኦክስፎርድ ጡረታ ሸሽቶ በ60ዎቹ ዕድሜው ቴክሳስ ገባ፣ ኖቤሉን በ2019 እ.ኤ.አ. ሲሸለም 97 ዓመቱ ነበር። እኔ ግን እስከዚያ አልጠብቅሽም፣ ጉልበቴም እንጃ።

አሁን ወደ ሥራችን። ሦስቱን የሠራሻቸው በአንድ ቀን ነው? በሴሎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ፣ ኤሌክትሮላይቱስ፣ ከአንድ ጠርሙስ ነው? በውስጡ ያለው ጨው ውሃ ሲነካው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይወልዳል ብለሽኝ የለ? እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው እርጥበቱን ነበር። ሴሎቹን ከአየር ጠብቀሽ የምትሠሪበት የአርጎን ጋዝ ሳጥን ጓንት መቼ ነው የተቀየረው? እሁድ ንገሪኝ።

አባትሽ