ሳፋና ዘይት አለን፤ ሚዛን ጎድሎናል

ውድ ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችንና የአዳማ ሰዎች፤

ይህን የምንጽፍላችሁ ለልጆቻችን የሳይንስ ሙከራ ዕቃ መግዣ እንድታግዙን ነው። ባለፈው ቅዳሜ የትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ውሃ የሞላ ሳፋ አስቀመጥን። ላዩ ላይ የሕፃናት ፓውደር በስሱ ነሰነስን። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በመርፌ ጫፍ ዘይት ይዛ ውሃውን ነካ ስታደርገው ፓውደሩ ብርር ብሎ ወደ ዳር ሸሸ። "ቲቸር፣ ምን ነክቶት ነው?" አለች። ዘይቱ ውሃው ላይ በስሱ ሲዘረጋ ገፍቶት ነው።

አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ኩሬ ላይ ያፈሰሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ግማሽ ኤከር፣ 2,000 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ሸፍኗል። ልጆቹ የዘይቱን መጠን ለሸፈነው ስፋት ሲያካፍሉት የዘይቱ ንጣፍ ውፍረት ከ2 እስከ 3 ናኖሜትር ወጣላቸው። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የእኛ ሙከራ ደግሞ የጠየቀው አንድ ጠብታ ዘይት ብቻ ነው። (ዘይት ቢወደድም ጠብታ አያቅተንም።)

ናኖ ምን ያደርግልናል ለምትሉ፣ ቡናን አስቡ። ያልተወቀጠ ቡና ጀበና ውስጥ ቢውል ቢያድር ውሃ ከማቅለም አያልፍም። ሲወቀጥ ውሃ የሚነካው ገጽ ይበዛል። ናኖ ልክ ያለፈ ውቀጣ ነው በሉት።

ከተማሪዎቻችን መካከል ከወንጂ አካባቢ የመጡ፣ ጥርሳቸው ስለበለዘ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ አሉ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ይህ ንጥረ ነገር ሲበዛ ጥርስ ያበልዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የአጥንት ከሰልና አሉሚኒየም ኦክሳይድ ፍሎራይዱን ገጻቸው ላይ ይይዙታል፤ ቅንጣቱ ሲደቅ ደግሞ የሚይዝበት ገጽ ይሰፋል። ልጆቹ ይህን በገዛ እጃቸው ለመሞከር ቋምጠዋል።

የጎደለን ሚሊግራም የሚለይ ሚዛን፣ የፍሎራይድ መለኪያ፣ ጥቂት ቤከር (የላብራቶሪ ብርጭቆ) እና ጓንት ነው። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አንለምናችሁም፤ አቅማችንን እናውቃለን!

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የማቴሪያል ሳይንስ (የቁሶች ጥናት) ትምህርት ይሰጣል፤ አፍንጫችን ሥር ነው። የእኛ ልጆች ግን ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ሲባሉ ወይ ሐኪም ወይ ሶፍትዌር ነው መልሳቸው። አልፈርድባቸውም፤ ሌላውን ማን አሳያቸው? ከተሰበሰበው ላይ ለአንድ ቀን ጉብኝት የታክሲ እናስቀራለን።

50 ብርም ብር ነው። ፋርማሲ ወይም ላብራቶሪ ያላችሁ፣ አሮጌም ቢሆን የሚሠራ ሚዛን ካላችሁ እሰየው። ገንዘቡን የሚይዘው የወላጅና መምህር ኮሚቴው ነው። ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የተገዛው ዕቃ ከነዋጋው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ነን። መርፌውን ራሳችሁ ይዛችሁ ትሞክሩታላችሁ።